እሽክርክሪት ከታች ሲታይ

አርዲስ ኩቢቼክ ስልክ በጮኸ ቁጥር «ሃሎ» በማለት ፈንታ «ማን ምን ሆነ?» ትላለች። ሰማዩ ከጠራ በረዶ እያደባ ነው፤ በቆሎው ካማረ እሳት ወይም ጎርፍ ይጠብቀዋል። ባሏ ኤልዶን ይህን ጠባይዋን ከለመደ ቆይቷል። «የእኔዋ ሚስት» ይላል ለጎረቤቶቹ፣ «የምሥራች እንኳ ስትነግራት አስቀድማ ወንበር ፈልጋ ትቀመጣለች።»

እንዲህ ላለች እናት እግዚአብሔር አንዲት ሴት ልጅ ሰጣት። ልጅቷም አደገችና በገዛ እጇ አውሮፕላን ሠራች።

ክሪስታ የአባቷን የትራክተር መጋዘን እኩሌታ ወስዳ ስድስት ዓመት ሙሉ ከሥራ መልስ ስትቆርጥ፣ ስትሞርድ፣ ስታጣብቅ ኖረች። ንድፉ የተገዛ ነው፤ ሌላው ሁሉ የእጇ ሥራ። ሁለት ሰው ጎን ለጎን የምታስቀምጥ ነጭ፣ ቀላል አውሮፕላን። አርዲስ ስድስቱን ዓመት ሥራው እንዳያልቅ ስትጸልይ ከረመች፤ አልሆን ሲላት ደግሞ የጅራቷን ቀለም እኔ ልምረጥ አለች።

«ብርቱካንማ ይሁን። ደማቁ።»

«ነጭ ላይ ብርቱካንማ? ለምን እማዬ?»

«በቆሎው ውስጥ ብትወድቂ ቶሎ እንድናገኝሽ ነዋ!»

ክሪስታ መጋዘኑ ወለል ላይ ቁጭ ብላ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ቢሆንም ቀባችላት። አርዲስ ከመንገዱ ዳር ቆማ አየችና «አሁንም አይጎላም» አለች፤ ሁለተኛ ተቀባ። ሦስተኛም ተቀባ።

እውነቱን ለመናገር አርዲስን እንቅልፍ የነሣት የሞተር መጥፋት አልነበረም። ሞተር ቢጠፋ በዚያ አገር ሜዳ ሞልቷል። እሷ የፈራችው እሽክርክሪትን ነው። ከወንዙ ማዶ አንድ ሰው ራሱ የሠራት አውሮፕላን ይዛው ወድቃ ነበር፤ በቀብሩ ዕለት ወንዶቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲያወሩ ነው ቃሉን የሰማችው። አፍንጫዋን ከልክ በላይ ቀና አደረጋት፤ ፍጥነቷ ሞተ፤ ክንፎቿ መሸከም አቃታቸው፤ አንዱ ክንፍ ከሌላው ቀድሞ ወደቀ፤ ከዚያ እንደ እንዝርት እየተሽከረከረች ወረደች። ፋብሪካ የሚሠራውንማ አሽከርክረው የሚሞክሩ ሰዎች አሉ፣ ተባባሉ ወንዶቹ፤ ቤት የተሠራችው ግን እያንዳንዷ የራሷ አመል አላት፣ አመሏን መጀመሪያ የሚቀምሰው ያው ባለቤቷ ነው።

«እኔ አላሽከረክራትም» ትላለች ክሪስታ እናቷ ነገሩን ባነሣች ቁጥር። «ንድፉም ይከለክላል።»

«ያ ሰውዬስ ፈልጎ መሰለሽ?»

«እማዬ!»

«እማዬ አትበይኝ። ቨርጂል ጋ ሳትማሪ ያቺን ነገር ብታስነሺ ጎማዋን በቢላ ነው የምወጋው። ሦስቱንም።»

ኤልዶን ከጋዜጣው ቀና አለ። «ትወጋለች። ያኔ የእኔን ሞተር ብስክሌት ምን እንዳደረገችው ጠይቂያት።»

ሽማግሌው ቨርጂል ፖስፒሺል ዕድሜያቸውን በሙሉ በእርሻ ላይ መድኃኒት ሲረጩ የኖሩ አብራሪ ናቸው። ተገልብጣ ብትበር ቅር የማይላት አሮጌ ቢጫ አውሮፕላን አለቻቸው። በእሷ ክሪስታን በግራም በቀኝም፣ ቁርሷ እስኪወጣ አሽከረከሯት። አርዲስ አብራ ባትበርም ትምህርቱ አላመለጣትም፤ በሽማግሌው ወጥ ቤት ጠረጴዛ ከልጇ ጎን ተቀምጣ አንድ ቃል ሳታስቀር ሰማች።

«ነዳጁን ዝጊ» አሉ ቨርጂል ጣታቸውን እያጠፉ። «ከምትዞሪበት በተቃራኒ ያለውን መርገጫ እስከ ጥጉ እርገጪ። መሪውን ወደ ፊት ግፊ። ከዚያ ጠብቂ።»

«ወደ ፊት?» አለች አርዲስ። «አፍንጫዋ መሬት እያየ ጭራሽ ወደ መሬት ትግፋው?»

«ከባዱ እሱ አይደለም፣ አርዲስ። ከባዱ መጠበቁ ነው።» ወደ ክሪስታ ዞሩ። «የእኔ ቢጫዋ አሮጊት ወዲያው ነው የምትታዘዘው። ያንቺዋ ግን ልታሾፍብሽ ትችላለች። ሁሉን በትክክል አድርገሽ፣ አንድ ዙር ዝም፣ ሁለት ዙር ዝም ትልሻለች። ያኔ እጅሽ ሌላ ነገር ልሞክር ይላል፣ እግርሽ ልቀይር ይላል። የሚሞተው የቀየረ ነው። ያዢና ጠብቂ።»

አርዲስ ነገሩን እንደ ጸሎት በቃሏ ያዘችው። ሰሃን ስታጥብ፣ ዶሮ ስታበላ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፦ ነዳጅ ዝጊ፣ ተቃራኒውን እርገጪ፣ ወደ ፊት ግፊ። «ጠብቂ» የሚለው ብቻ አንዳንዴ ይጠፋባታል።

የመጀመሪያዎቹ በረራዎች በሰላም አለፉ። ከዚያ አውሮፕላኗ ምን ያህል ስትዘገይ ክንፏ እንደሚከዳት የሚለይበት ቀን ደረሰ። ነፋስ የሌለበት የቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ሁሉም ቨርጂል አውሮፕላን በሚያሳርፉበት ሜዳ ተሰበሰቡ። ክሪስታ ፓራሹት ታጥቃ ብቻዋን ልትወጣ፣ ቨርጂል በቢጫዋ ጎን ጎኗን ሊከተሏት ተስማሙ። ሽማግሌው ከመሄዳቸው በፊት አንዲት የእጅ ሬዲዮ ለኤልዶን ሰጡት።

«ለመስማት ነው። ሜዳው ላይ ላም ከገባ ንገሩን። ከዚያ ውጭ ይቺን የመናገሪያ ቁልፍ አትንኳት። ነገር ከተበላሸማ ጭራሽ አትንኳት።»

«ሰማሽ?» አለ ኤልዶን ወደ ሚስቱ ዞሮ።

«የነገሩት ላንተ ነው» አለችና ሬዲዮውን ከእጁ ነጠቀችው። እጇ ባዶ ሲሆን መቆም አትችልም።

ሁለቱ አውሮፕላኖች ከፍ፣ ከፍ አሉ። የክሪስታ ድምፅ የገበያ ዕቃ እንደምትቆጥር ሰው ተረጋግቶ ይመጣል። አንዴ ሞከረች፤ መልካም። ሁለተኛም መልካም። አርዲስ ትንፋሿን ይዛ ትለቃለች።

«አሁን በሙሉ የሞተር ጉልበት ልሞክር ነው» አለች ክሪስታ።

ነጯ አውሮፕላን አፍንጫዋን ወደ ሰማይ አቀናች። አየር ላይ የተንጠለጠለች መሰለች። ከዚያ አንድ ክንፏ ከዳት፤ ተገለበጠች፤ መዞር ጀመረች። ሬዲዮው ጸጥ አለ።

አርዲስ ያንን ደማቅ ጅራት ከነጩ ለይታ አየችው። አንዴ ዞረ። ደግሞ ዞረ። ወደ ቀኝ ነው! በዓይኗ በብረቱ አየችው፣ ወደ ቀኝ ነው! እንግዲያው ግራውን፤ ልጄ፣ ግራውን እርገጪ! አውራ ጣቷ ቁልፉን አግኝቶ ተጫነው። ለመጮህ አየር ሳበች።

የኤልዶን እጅ አንጓዋ ላይ ወደቀ። መወለድ ያቃተውን ጥጃ ከእናቱ ሆድ ጎትቶ የሚያወጣ እጅ ነው። ጣቷ ከቁልፉ ተላቀቀ፤ ሬዲዮው ሣሩ ላይ ወደቀ።

«ልቀቀኝ! ልትሞት ነው! ልቀቀኝ!»

ኤልዶን ዓይኑን ከሰማይ ሳይነቅል አንጓዋን ይዞ ቆመ። በነጻ እጇ ደረቱን መታችው፣ ትከሻውን መታችው፤ እንደ ግንብ ቆመ። አውሮፕላኗ ትዞራለች። አሁንም ትዞራለች። አርዲስ አንድም የጸሎት ቃል አልመጣላትም።

ከዚያ መዞሩ ቆመ፤ ልክ አንድ ሰው በእጁ ያዝ እንዳደረጋት። አፍንጫዋን ቁልቁል ተክላ ተወረወረች፤ ቀስ ብላም ተቃናች። በቆሎው ገና ሩቅ ነበር።

«ወጥቻለሁ» አለ ሣሩ ላይ የወደቀው ሬዲዮ። ድምፁ የክሪስታ ቢሆንም የአሥር ዓመት ልጅ ይመስል ነበር። «ደህና ነኝ።»

«አየሁሽ፣ ልጄ» አሉ ቨርጂል። «ቀስ ብለሽ ነይ።»

አርዲስ እመሬት ቁጭ አለች። ባሏን ግን ዞር ብላ አላየችውም። ልጄ የዳነችው በአምላክ ቸርነት ነው፣ አለች በልቧ፤ በዚህ ሰው ቢሆንማ የመጨረሻውን ገመድ ከእጄ ላይ ቆርጦብኝ ነበር።

ክሪስታ አርፋ ስትወርድ አርዲስ እንደ አራስ ልጅ ጣት ጣቷን ዳሰሰች፣ ጭንቅላቷን አገላብጣ አየች። ከዚያ በሽማግሌው የአውሮፕላን መጋዘን ጥላ ሥር ባለው የእንጨት ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። አርዲስ ለሐዘን ወይም ለደስታ ይሆናል ብላ ያመጣችው የፕሪም ኮላቺ፣ ፍሬ የተሞላው ጣፋጭ ዳቦ፣ መሃል ላይ ተቀመጠ። ቨርጂል አንዱን አንሥተው ሳይጎርሱት ያዙት።

«ሚዛን ላይ ያወጣሻት መቼ ነው?»

«የገና ሰሞን።»

«ቀለሙስ?»

ክሪስታ ጅራቱን አየች። «ለፋሲካ።»

«ባትሪውስ ንድፉ ባለው ቦታ ነው ያለው?»

«ከወንበሩ ኋላ አዛወርኩት። ለመፍታት እንዲመቸኝ ብዬ።»

«ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው» አሉ ቨርጂል፣ ኮላቺውንም ጎረሱ። «ጅራቷ ከብዷታል። አፍንጫዋ አልወርድ ያለው ለዚያ ነው። ባትሪው ወደ ቦታው ይመለስ፣ ከቀለሙም ይፋቅላት፣ እንደገና ትመዘን። እስከዚያ አትነሣም።»

«ሦስት ጊዜ ቀለም!» አለች ክሪስታ እናቷን አይታ፣ ሳቀችም። «እኔን ለመፈለጊያ የተቀባው ሊጥለኝ ነበር እኮ!»

አርዲስ አልሳቀችም። «ወደ ቀኝ ስትዞሪ በዓይኔ አየሁ» አለች ጠረጴዛውን እያየች።

«ወደ ግራ ነው፣ እማዬ።»

«ምን ማለትሽ ነው? ዓይን የለኝም? ወደ ቀኝ!»

«ግራ ነው» አሉ ቨርጂል። «ጣትሽን ከራስሽ በላይ ወደ ሰማይ ቀስሪ፣ አርዲስ። ቀና ብለሽ እያየሽ እንደ ሰዓት ዘንግ ወደ ቀኝ አዙሪው። ጎሽ። አሁን መዞሩን ሳታቋርጪ እስከ ሆድሽ ዝቅ አድርጊውና ከላይ እይው።»

አርዲስ አደረገችው። ጣቷ ሳይቆም ወረደ፤ ዝቅ ብላ ስታየው ወደ ግራ ይዞራል። እንደገና አነሣችው፤ ቀኝ። አወረደችው፤ ግራ።

«ከታች ያየ ሁልጊዜ ተገላቢጦሹን ነው የሚያየው» አሉ ሽማግሌው።

ክሪስታ ወሬዋን ቀጠለች። «እንዳሉኝ አደረግኩ፣ ጋሽ ቨርጂል። ነዳጁን ዘጋሁ፣ ቀኙን ረገጥኩ፣ ወደ ፊት ገፋሁ። ምንም! አንድ ዙር፣ ምንም። ተሳስቻለሁ ብዬ እግሬ ሊነሣ ነበር። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያኔ አንድ ሰው ‹በሌላኛው› ቢለኝ እቀይር ነበር። ማንም ቢሆን። ውሻ ቢነግረኝም እሰማው ነበር።»

አርዲስ ጣቷን ሰብስባ እጇን ከጠረጴዛው በታች ከተተች። አንጓዋ ላይ አራት የጣት ምልክት ቀልቶ ነበር። «ግራውን» የሚለው ቃል አሁንም ጉሮሮዋ ውስጥ እንዳለ፣ ሙሉውን፣ ተሰማት። ኤልዶን ኮላቺ አነሣ።

«ሬዲዮው ላይ ግን አንድ ነገር ሰማሁ» አለች ክሪስታ። «ቀጭ አለና ትንፋሽ ሰማሁ። ማን ነበር?»

ቨርጂል ኤልዶንን አዩት።

«እናትሽ ናት» አለ ኤልዶን አፉ እንደሞላ።

«ምን ልትዪኝ ነበር እማዬ?»

አርዲስ አፏን ከፈተች። ኤልዶን ቀደማት። «ምን ትላለች? መተንፈሷ ነው። ከሐሙስ ጀምራ አልተነፈሰችም ነበር።»

ሽማግሌው ሳቁ። ክሪስታ ግን ወደ እናቷ ጠጋ አለችና ጭንቅላቷን ትከሻዋ ላይ ጣለች። «ጥሩ ሆነ» አለች። «ያቺን ትንፋሽ ስሰማ ብቻዬን አይደለሁም አልኩ። ከዚያ ያዝኩና ጠበቅኩ።»

ወደ ቤት ሲመለሱ ኤልዶን ፒካፑን ቀስ ብሎ ነዳ። ከፊታቸው ክሪስታ በራሷ መኪና ትሄዳለች፤ አርዲስ የመኪናዋን የኋላ መብራት በዓይኗ ትከተላለች። በሕይወቷ ብዙ ጊዜ አምላኳን አመስግናለች፤ ሁልጊዜ ግን በአንድ ዓይኗ የሚመጣውን ክፉ እየጠበቀች ነበር። የዛሬው ምስጋና ሁለመናዋን ሞላው፤ ሌላ ነገር የሚገባበት ቦታ አልተረፈም።

«ኤልዶን።»

«አቤት።»

«እንደሚገለበጥ ታውቅ ነበር?»

«ከየት አባቴ አውቄ! እኔም ወደ ቀኝ ነው ያየሁት።»

«ታዲያ ለምን ያዝከኝ?»

«ልጅቷ ሥራ በዝቶባታል ብዬ ነው። እዚያ ላይ እኛ ተጨምረን...» ትከሻውን ነቀነቀ። «ደግሞ ሽማግሌው አትንኩ ብለው ነበር።»

«ለክሪስታ አልነገርካትም።»

«ምኑን?»

አርዲስ ፊቷን ወደ ውጭ አዞረች። በመስኮቱ በኩል በቆሎው ያልፋል፤ አረንጓዴ ነው፣ ምንም አልወደቀበትም።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለችው፣ መንገድ ላይ እንደረዳት እንግዳ ሰው።

ኤልዶን አንጓዋን ዞር ብሎ አየ። «አንጓሽን አሳመምኩሽ አይደል?»

«በጣም።»

«ይቅርታ።»

«ይቅርታ አትበለኝ» አለች አርዲስ፤ የቀላውን አንጓዋን በሌላው እጇ ያዘች። «አውሮፕላኗ ተመዝና ደግማ የምትነሣ ቀን ሬዲዮውን ተውልኝ፣ ትንፋሼን ትስማ። እጄን ግን እንደ ዛሬው አጥብቀህ ያዝ።»