አራተኛዋ ማዕዘን

ሰውየው አርባ ዓመት ሙሉ ተንበርክኮ የሰው ወለል ሲያነጥፍ የኖረ ሴራሚክ አንጣፊ ነበር። ጉልበቱ አሻፈረኝ ብሎ ሥራውን ካስተወው ወዲህ ግን ሰው የሚጠራው በሙያው ሳይሆን ባለፈው ዓመት በወጣለት ስም ሆነ፤ «አቶ ግምት» ይሉታል።

ስሙ የወጣለት በከተማው ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት ነው። እዚያ ዘጠኝ ጡረተኞች በየማለዳው አንድ ጠረጴዛ ከበው ሱዶኩ የሚባለውን የቁጥር እንቆቅልሽ ይፈታሉ። ሰማንያ አንዱን ሳጥኖች «ቤት» ይሏቸዋል፤ ሦስት በሦስት ሆኖ ዘጠኝ ቤት የያዘውን ክፍል ደግሞ «ሰፈር»። ከአንድ እስከ ዘጠኝ ያለ ቁጥር በአግድም ረድፍ፣ በቁም ረድፍም ሆነ በሰፈር አይደገምም። ይህን ማንም ያውቃል። የዚያ ጠረጴዛ ሕግ ግን ሌላ ነበር፦ አንድ ሰው ቁጥር ሲጽፍ «በምን ማስረጃ?» ተብሎ ከተጠየቀ መመለስ አለበት። ካልመለሰ ቁጥሩ ትክክል ቢሆን እንኳ ስሕተት ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ ወንበር ተለቅቆ ሰውየው ለመግባት ሲፈተን፣ ጭንቅ ውስጥ ሲገባ አንድ ቁጥር ጻፈ። ቁጥሩ ትክክል ነበር። ማስረጃውን ሲጠየቅ ግን መዋሸት አልሆነለትም፤ «መሰለኝ» አለ። በዚህችው ቃል ወደቀ። የጠየቀው የገዛ አማቹ፣ የሚስቱ ወንድም፣ የሒሳብ መምህር የነበረው ነው።

ዘንድሮ ደግሞ ሌላ ወንበር ተለቀቀ። አንድ ሰው የሚፈተነው ሁለት ጊዜ ብቻ ነውና፣ ዛሬ ከወደቀ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ አቶ ግምት ሆኖ መቅረቱ ነው። ጠዋት ኮቱን ሲለብስ ሚስቱ ኮሌታውን እያስተካከለች፣

«ወንድሜን አትፍራው» አለችው። «እሱ ከልጅነቱ ጠያቂ እንጂ መላሽ ሆኖ አያውቅም።»

ምድር ቤት ሲደርስ የጠረጴዛው ሰብሳቢ፣ ጡረታ የወጡት ዳኛ፣ እንቆቅልሹን በጥቁር ሰሌዳው ላይ አስፍረው ጨርሰዋል። ጠመኔ ሰጡትና «አንድ ሰዓት አለህ» አሉት።

«አቶ ግምት» አለ ከጡረተኞቹ አንዱ፣ ፀጉር አስተካካይ የነበረው፣ በወንበሩ ተለጥጦ፣ «ዛሬስ በዕጣ ነው በጸሎት?»

«በዝምታህ ከረዳኸኝ ይበቃኛል።»

ቀላሎቹን ቤቶች ቶሎ ሞላቸው። በቀሩት ውስጥ ሊገቡ የሚችሉትን ቁጥሮች በየጥጉ አሳንሶ ጻፈ። ከዚያ መንገዱ ጠፋ። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ብዙ ቆየና፣ ከታች በቀኝ በኩል አንዲት ቤት ውስጥ አራት ጻፈ።

«በምን ማስረጃ?» አለ አማቹ፤ ሲጠብቅ እንደ ነበረ ያስታውቃል።

«በሁለተኛው አግድም ረድፍ ሰባት ሊገባ የሚችለው በሦስተኛዋ ወይም በስምንተኛዋ ቤት ብቻ ነው። በስድስተኛው አግድም ረድፍም እንዲሁ፣ በሦስተኛዋ ወይም በስምንተኛዋ። አራቱ ቤቶች አራት ማዕዘን ሠሩ። ሰባቶቹ ወይ በዚህኛው ሰያፍ ይቆማሉ፣ ወይ በዚያኛው። በየትኛውም ቢቆሙ ሦስተኛውና ስምንተኛው ቁም ረድፍ ሰባታቸውን አገኙ ማለት ነው። ይህቺ ከስምንተኛው ግርጌ ያለችው ቤት አራት ወይም ሰባት ነበረች። ሰባት ተከለከለች፤ አራት ናት።»

«ሰያፍ ደግሞ ከየት ተማርክ?» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«ወለል ቀጥ ማለቱ በምን የሚታወቅ ይመስልሃል? ሁለቱን ሰያፎች፣ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን፣ ለክተን እኩል ሲሆኑ ነው። የዚህን ክፍል ወለል ያነጠፈው ሰው ግን አልለካም።»

ሁሉም አጎንብሰው ወለሉን አዩ። እውነትም ጠማማ ነበር። ዳኛው ሳይቀሩ ሳቁ።

ሳቁ ግን አላሻገረውም፤ ጥቂት ቤቶች ቆይቶ እንደገና ቆመ። ዐሥር ደቂቃ ቀረው። በስምንተኛው አግድም ረድፍ መጀመሪያ ያለችው ቤት ሦስት ወይም ዘጠኝ ናት። ልቡ ሦስት አለው፤ አምና ሳይዋሸው ያዋረደው ይኸው ልብ ነው። ጠመኔውን አስጠጋ። አማቹ ጉሮሮውን ጠረገ። ሰውየው ጠመኔውን መለሰ።

ልቡን ትቶ ዓይኑን ላከ። ሁለት ሁለት ቁጥር ብቻ የቀራቸውን ቤቶች አንድ በአንድ ተመለከተ። ሦስቱ ጎልተው ወጡለት፤ ከዚህችው ጋር አራት ማዕዘን ይሠራሉ። በሙያው ሦስት ማዕዘን ከተተከለ አራተኛው የራሱ ፈቃድ የለውም። ሦስት ብሎ ጻፈ።

«በምን ማስረጃ?»

«በሰሌዳው መካከል ያለችውን ቤት እያት፤ ሁለት ወይም ስድስት ናት። ሁለት ብትሆን፣ በዚያው ረድፍ መጀመሪያ ያለችው ሁለት ወይም ዘጠኝ የነበረችው ዘጠኝ ትሆናለች። ስድስት ብትሆን ደግሞ፣ ከሥሯ በስምንተኛው ረድፍ ያለችው ስድስት ወይም ዘጠኝ የነበረችው ዘጠኝ ትሆናለች። ያም ሆነ ይህ ከሁለቱ አንዷ ዘጠኝን ወሰደች። ይህቺ ከአንዷ ጋር በቁም፣ ከሌላዋ ጋር በአግድም ትገናኛለች። ዘጠኝ ልትሆን አትችልም።»

መምህሩ ከወንበሩ ተነሣ። «እሺ፣ መካከለኛዋ ታዲያ ሁለት ናት ስድስት?»

«አላውቅም።»

«አታውቅም!» መምህሩ ወደ ጠረጴዛው ዞረ። «ሰማችሁ? አያውቅም!»

«አላውቅም፣ አማቼ። ማወቅም አያስፈልገኝም። ሁለትም ትሁን ስድስት፣ ይህቺ ሦስት ናት። አምና ሳላውቅ ጻፍኩ፤ ዛሬ የማላውቀውን ለይቼ ነው የጻፍኩት።»

መምህሩ ሰሌዳውን አየ፤ መንገዱን በጣቱ በአየር ላይ አንድ ጊዜ በዚህ፣ አንድ ጊዜ በዚያ ተከተለ። ቀስ ብሎም ተቀመጠ።

«ማስረጃው ሙሉ ነው» አሉ ዳኛው። «ቀጥል።»

ያቺ ሦስት ግድቡን ናደችው። አንዱ ቤት ሌላውን፣ አንዱ ሰፈር ቀጣዩን ከፈተ፤ ጠመኔው ሰሌዳውን እንደ ዝናብ ይደበድበው ጀመር። ፀጉር አስተካካዩ ራሱን ረስቶ «አምስት! እዚያ ጋ አምስት!» ብሎ ጮኸ።

«ዝም በል! እጄ ላይ ነው» አለው ሰውየው ሳይዞር፣ አምስቱን እየጻፈ።

የመጨረሻዋ ቤት ስትሞላ ሁለት ደቂቃ ቀርቶት ነበር። ጠረጴዛው በጭብጨባ ተናወጠ። አማቹ የተለቀቀውን ወንበር በገዛ እጁ ስቦ አመጣለት።

«አንጣፊው» አለው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ «ተቀመጥ። ቦታህ ነው።»

«ቆይ» አለ ሰውየው። «ወለል አንጥፌ ስጨርስ ሁልጊዜ ባለቤቶቹ ወዲያው ይገቡበታል፤ ቆሜ አይቼው አላውቅም። እስቲ አንድ ጊዜ ልየው።»

ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። ወገቡን አቀና። ከዳር እስከ ዳር፣ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን፣ ሳይቸኩል አየው፤ እስኪጠግብ ድረስም ማንም አልጠራውም።