ደወሉ ተውኔት አያውቅም

በስኪሮስ ደሴት አርባ ዓመት ልጅ ያስተማሩት፣ በቤተ ክርስቲያንም በቀኝ በኩል ቆመው የሚያዜሙት መምህር አቭገሪኖስ፣ እግዚአብሔር ይመስገንና ጤና ነበራቸው፤ ጥርስ ነበራቸው፤ የወይራ ዛፍም ነበራቸው። ያጡት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም የጻፉትን እስከ መጨረሻው ተቀምጦ የሚሰማ ሰው።

በየዓመቱ ከእመቤታችን በዓል ማግስት፣ በከተማው ጫፍ በባሕሩ ትይዩ ባለው የድንጋይ እርከን ላይ የእሳቸው ተውኔት ይታያል። በየዓመቱም ታሪኩ ገና ሳይጋመስ አንዱ ፍየሌን ልለብ ይላል፤ ሌላይቱ ድስት ጥጃለሁ ትላለች፤ እርከኑም በጾም ወር እንዳለ ሥጋ ቤት ጭር ይላል። አምና እስከ ፍጻሜው የቆዩት የሰማንያ ሁለት ዓመቷ እትዬ አመርሱዳ ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም የቆዩት እንቅልፍ ስለ ጣላቸው ነው።

«ዘንድሮም ሕዝቡ ጥሎኝ ከሄደ ብዕሬን እሰቅላለሁ» አሉት መምህር የአጎታቸውን ልጅ ዓሣ አጥማጁን ፍራጉሊስን።

ፍራጉሊስ መረቡን እየጠገነ፣ ቀና እንኳ ሳይል፣ «አምናም ሰቅለኸው ነበር። ምስማሩ ላልቶ ነው በማግስቱ ወርዶ ያገኘሁት?» አለ።

«የዘንድሮው ይለያል። የዘንድሮው አኪሌዎስ ነው።»

በእርግጥም ይለያል። ይህን ጀግና የማያውቀው አገር የለም። የሮም ባለቅኔዎች በሮም ካባ፣ የጣልያን ዘፋኞች በሐርና በላባ፣ የፈረንሳይ ተዋንያን ዱቄት በተነሰነሰ ጠጉር አስጊጠው በየመድረኩ አቁመውታል። የተሸሸገው ግን እዚሁ ስኪሮስ ላይ ነበር። እናቱ በትሮያ ጦርነት እንዳይሞትባት ፈርታ የሴት ልብስ አልብሳ ከንጉሡ ሴቶች ልጆች መካከል ደበቀችው፤ በዚያም ከንጉሡ ልጅ ከዴይዳሚያ ጋር ተዋደዱ። ብልሁ ኦዲሴዎስ ሱቅ በደረቴ መስሎ መጣ፤ ከዶቃውና ከቀለበቱ መካከል አንድ ሰይፍ አኖረ፤ በድንገትም የጦር መለከት አስነፋ። ልጃገረዶቹ ሲሸሹ አንዷ ሰይፉን ነጥቃ ቆመች፤ አኪሌዎስም በዚህ ታወቀ። ወደ ጦርነት ወሰዱት፤ ዴይዳሚያም በባሕሩ ዳር ቀረች። መምህር የተውኔቱን የመጨረሻ ቃል የሰጡት ለእሷ ነው፤ ሕዝቡ ተቀምጦ እንዲሰማላቸው የተመኙትም ያንኑ ቃል ነበር።

አኪሌዎስን የሚጫወተው ዳቦ ጋጋሪው ያኩሚስ ሆነ፤ ኦዲሴዎስን ፍራጉሊስ፣ ዴይዳሚያን የመምህር የቀድሞ ተማሪ ማሩሶ። ሁሉም ነገር ተሰናዳ፤ መለከቱ ብቻ ጎደለ። በዕለቱ ነፋሱ በርትቶ መርከቧ ከማዶ አልተነሣችም፤ መለከት ነፊውም እዚያው ማዶ ቀረ።

መምህር ወደ ቄሱ ወደ አባ ፕሮኮፒስ ሄዱ። «አባ፣ ለአንዲት ደቂቃ ደወሉን ያውሱን።»

«በየትኛው ዓይነት ምት?»

«በፈጣኑ።»

አባ ፕሮኮፒስ ጢማቸውን ጨበጡ። «መምህር፣ ይህ ደወል ተውኔት አያውቅም። በዝግታ ሲመታ ለጸሎት ነው፤ በፍጥነት ሲመታ ለእሳት ነው። ካቻምና የጥድ ደኑ ሲቃጠል ሕዝቡን ማን እንደ ጠራ ረሱት?»

«ሕዝቡ እኮ ፊቴ ነው የሚቀመጠው። በመግቢያ ንግግሬ አስታውቃለሁ።»

«በእርስዎ የመግቢያ ንግግር?» አሉ ካህኑ፤ ከዚያም ፈገግታቸውን በጢማቸው ሸሸጉ። «እሺ። ነጭ ጨርቅ ሲያውለበልቡልኝ እመታለሁ። ግን በግልጽ ይንገሯቸው።»

ፀሐይ ወደ ባሕሩ ስታዘቀዝቅ እርከኑ ሞላ። ሰዉ የዱባ ፍሬ ይቆረጥማል፤ ይጨዋወታል። መምህርም ወጥተው፣ ደሴቲቱ ውስጥ ከእሳቸው በቀር ማንም በማይናገረው በጥንቱ ቃል ሩብ ሰዓት ተናገሩ። ከመካከሉ፣ «ናሁ፣ የብርቱ ናስ ድምፅ በአየር ሲናኝ ኢትፍርሁ፤ ምሳሌ ነው እንጂ አማን አይደለምና» የሚል ነበረበት። ደወሉ ሲመታ አትደንግጡ የሚለው ማስጠንቀቂያ ያ ነበር። በዚያች ሰዓት እትዬ አመርሱዳ አንድ ጊዜ አንኮራፉ።

ተውኔቱ ተጀመረ። ያኩሚስ ከእትዬ አመርሱዳ በተዋሰው የሙሽራ ቀሚስ ብቅ ሲል ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ፤ ሦስት ጊዜ ቢላጭም የጢሙ ጥቁረት አልለቀቀም ነበር። ፍራጉሊስም ሳጥኑን ደረቱ ላይ አንግቦ ገባና ከተጻፈለት ወጥቶ፣ «መርፌ አለ፣ ክር አለ፣ ለአማት አፍ መለጎሚያ አለ» እያለ ተጣራ። መምህር ከመጋረጃው ጀርባ ጽሑፋቸውን ጨብጠው ተቆጡ፤ ሕዝቡ ግን እስካሁን አልተነሣም። ልባቸው በተስፋ መታ። ጊዜው ደረሰና ነጩን ጨርቅ አውለበለቡ።

ደወሉ በፍጥነት ተመታ።

በአኪሌዎስ አፍ ሊነገሩ የተጻፉ አርባ ስንኞች ነበሩ። ያኩሚስ አንዱንም አልተናገረም። እሱ የበጎ ፈቃድ እሳት አጥፊዎች አለቃ ነው። የእንጨት ሰይፉን ጥሎ ለበጋው እሳት ከግድግዳው ሥር ከተደረደሩት ባልዲዎችና አካፋዎች አንድ አካፋ አነሣ፤ ቀሚሱን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚያወጣውን ደረጃ ሽቅብ ሮጠ። ከኋላው ሕዝቡ ሁሉ ባልዲ ባልዲውን አንጠልጥሎ ነጎደ። ፍራጉሊስ ከነሳጥኑ ሄደ። እትዬ አመርሱዳ ሳይቀሩ ነቅተው ሄዱ።

እርከኑ ላይ የዱባ ፍሬ ገለባ ብቻ ቀረ።

«መምህር» አለች ማሩሶ በባዶው መድረክ ላይ ቆማ፣ «በታሪኩም እንዲሁ አልነበር? ሁሉም ሄደው እኔ ቀረሁ።»

መምህር ዳገቱን አሻቅበው ሲመለከቱ የሙሽራ ቀሚሱ በባልዲዎች መካከል እየተውለበለበ ሲወጣ አዩ። እጃቸው ላይ ያሉትን አርባ ስንኞች አዩ፤ እንደገና ቀሚሱን አዩ። ከዚያ እሳቸውም እያለከለኩ ተከተሉ።

በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሕዝቡ አባ ፕሮኮፒስን ከብቦ፣ «የት ነው እሳቱ?» ይላል። ካህኑ የደወሉን ገመድ እንደ ያዙ በአገጫቸው ወደ መምህር ጠቆሙ። «እሳቸውን ጠይቁ። መምህር፣ በእናትዎ ቋንቋ ይንገሯቸው።»

መምህር ላባቸውን ጠረጉ። «እሳት የለም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ደወሉ የተውኔቱ ነበር። ኦዲሴዎስ ከሴቶቹ መካከል ወንዱ የትኛው እንደ ሆነ አላወቀም፤ ስለዚህ የአደጋ ድምፅ አሰማ። ሌሎቹ ከአደጋው ሲሸሹ አንዱ ወደ አደጋው ሄደ። በዚህ ታወቀ። ይኸው ነው።»

ሕዝቡ ዞር ብሎ ያኩሚስን አየው። በሙሽራ ቀሚስ፣ አካፋ ትከሻው ላይ አጋድሞ ቆሟል።

«አወቅንህ» አለው ፍራጉሊስ። ሳቁ እስከ ባሕሩ ተሰማ።

«አንተ ልጅ» አሉ እትዬ አመርሱዳ፣ መምህርን በበትራቸው ጎሰም አድርገው፣ «ከመጀመሪያው እንዲህ አድርገህ ብትነግረን ምን ነበረበት? ለመሆኑ ያች የንጉሥ ልጅ ምን ሆነች?»

«ተመልሰው ቢቀመጡ ይሰማሉ፣ እትዬ።»

«አሁንማ ሳልሰማ አልተኛም።»

ተመለሱ። ወንበር የሌለው ባልዲውን ደፍቶ ተቀመጠበት። ከመጋረጃው ጀርባ ያኩሚስ፣ «መምህር፣ አርባውን ስንኝ ልበለው?» ሲል ጠየቀ።

«ተወው። የሮጥከው ይበቃል።»

«ስድስት ሳምንት ሙሉ ሊጥ እያቦካሁ ያጠናሁት እኮ ነው።»

«አውቃለሁ ልጄ። እኔም ስድስት ወር ነው የጻፍኩት» አሉና ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

በተውኔቱ መርከቡ አኪሌዎስን ይዞ ሄደ። ማሩሶ ብቻዋን በመድረኩ ጠርዝ ቆማ፣ ፊቷን ወደ ባሕሩ መልሳ የመጨረሻውን ቃል ተናገረች፦ «ስሙን በየአገሩ ውሰዱት፤ በየልሳኑም አልብሱት። ሲስቅ የሰማሁት ግን እኔ ነኝ።»

አንድም ሰው አልተነሣም። መምህር ጥቂት ጠብቀው ወጡ። «አልቋል» አሉ።

«እንዴት አለቀ?» አሉ እትዬ አመርሱዳ። «ልጅ አልወለደችለትም?»

«ወልዳለታለች፣ እትዬ።»

«ታዲያ እሱን ደብቀኸን ነው አልቋል የምትለን?»

«መርከቡ ላይ አብራው ብትሳፈርስ?» አለ ሌላው።

«ቦታ አልነበረም» አለ ፍራጉሊስ፣ አሁንም ሳጥኑን እንዳነገበ። «የመርከቡ አለቃ እኔ ነኝ፤ አውቃለሁ።»

ጥያቄው ከላይኛው ረድፍ ወደ ታችኛው እየወረደ በዛ። ለፍየሉ ያሰበ፣ ለድስቱም የተጨነቀ አልነበረም። አባ ፕሮኮፒስ ከዳር ጠጋ ብለው በመምህር ጆሮ፣ «ሕዝቡ የሚሄድ አይመስልም። እንዲነሣልዎት ደወሉን ልምታ?» አሉ።

«ግድ የለም አባ፣ እርስዎም ይቀመጡ» አሉ መምህር አቭገሪኖስ። አንድ ባልዲ ስበው ደፉና በሕዝቡ መካከል ተቀመጡበት፤ ስለ ሕፃኑም በእናታቸው ቋንቋ ይነግሯቸው ጀመር።