ስንኝ መሃል የተሳበ ትንፋሽ

እናትየው ጨርቅ ስታዞር የስፌት መኪናው ለአፍታ ዝም ይላል። ልጅቷ መዝፈን የለመደችው ከዚያ መኪና ጎን ቁልፍ እየተከለች ስለሆነ፣ ትንፋሽ የምትስበው መኪናው ዝም በሚልበት፣ ስንኝ መሃል ነው። የምትሠራለት የሙዚቃ አቀናባሪ በዚህ ስንቴ ተቆጥቷታል! «ስንኙን ጨርሰሽ ተንፍሺ እንጂ! ምን ያንጠለጥልሻል?»

ስቱዲዮ የጠራት ለመሪ ድምፅ ነበር፤ አንዲት ታዋቂ ዘፋኝ እየሰማች ለምታጠናበት፣ ከዚያ ከቅጂው ለሚሰረዝ ድምፅ። «ይህን አሳምሪልኝ፣ ቀጣዩ የራስሽ ዘፈን ነው» አላት። አሳመረችለት።

ዛሬ ጠዋት ሬዲዮው ያንን ዘፈን ሲለቅ እናትየው መኪናውን አቆመች። መግቢያው የታዋቂዋ ድምፅ ነው። አዝማቹ ላይ ግን ስንኙ መሃል ትንፋሽ ተሳበ።

«አንቺ፣ ይሄማ አንቺ ነሽ!»

«እኔ ነኝ፣ እማዬ።»

ጋዜጠኛው «እንዲህ ያለ ጉሮሮ!» እያለ ታዋቂዋን አሞገሰ። የልጅቷ ደም ፈላ። መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ ወጣች።

ስቱዲዮ ስትደርስ አቀናባሪውም ታዋቂዋም ነበሩ።

«አዝማቹ የኔ ድምፅ ነው።»

«የኔ እህት፣ ድምፅ ከድምፅ ይመሳሰላል» አለ አቀናባሪው ፈገግ ብሎ። «ከእሷ ጋር መመሳሰል ደግሞ ክብር ነው።»

«እንግዲያው እሷ አሁን ትዝፈነው።»

ታዋቂዋ ገላመጠቻት፤ ፈራች እንዳይባል ግን ዘፈነች። ስንኙን ዝቅ ባለ ድምፅ፣ መሃል ላይ ሳትተነፍስ ዘለቀችው። ልጅቷ ቅጂውን አስከፈተች። መሃል ላይ ትንፋሽ።

«ድምፅሽን በኮምፒውተር አስተካከልኩት አላልከኝም?» ታዋቂዋ አፈጠጠችበት።

«ታዲያ ምን ላድርግ? ከፍታው አልወጣልሽ አለ!» ወደ ልጅቷ ዞረ። «አንቺም አታካብጂ። ገና ጀማሪ ነሽ፤ አንድ ቀን ታመሰግኚኛለሽ።»

«ምስጋና ከፈለግህ መስታወት ፊት ቁም። ወይ ስሜን ጥራ፣ ወይ ድምፄን አውጣ።»

«ስምሽን ማን ያውቀውና?»

«እንግዲያው አውጣው፤ አለዚያ ሬዲዮው ቤት ሄጄ ራሴ እዘፍንላቸዋለሁ።»

እስኪያወጣው ከአጠገቡ ንቅንቅ አላለችም። መልሶ ሲያጫውተው አዝማቹ ላይ ከበሮና ጊታር ብቻ ቀሩ፤ ጥርሱ የወለቀ አፍ መሰለ።

«ለሬዲዮው ይህንን ላክ» አለችው።

ቤት ስትገባ እናትየው ከስፌቷ ቀና ሳትል «እህስ?» አለች።

«ድምፄን አስወጣሁት።»

«ቃል የገባልሽ ዘፈንስ?»

«እሱማ ቀረ።»

እናትየው ጥርሷን ነከሰች፤ ፔዳሉን እስኪንቀጠቀጥ ረገጠችው። ልጅቷ ወደ መንገዱ ያለውን መስኮት ወለል አድርጋ ከፈተችና ያንኑ አዝማች በሙሉ ጉሮሮዋ ለቀቀችው። መኪናው ዝም ሲል፣ ስንኙ መሃል፣ ትንፋሿን ሳበች።