ጣትህን አስቀድመህ አንሳ

፩

አትንካው።

የሙከራው የመጀመሪያ ትእዛዝ ይህ ነው። የፕላስቲክ ቧንቧ በሱፍ ሹራብ ይታሻል፤ ከዚያ ወደ ባዶ የቲማቲም ጣሳ ይጠጋል። ይጠጋል እንጂ አይነካም። ከጣሳው አፍ የተንጠለጠሉት ሁለት ብርማ የማስቲካ ወረቀቶች ይራራቃሉ።

አቤኔዘርም እንዲሁ ነው። ዘቢደርን ሲነካት አይቼ አላውቅም። ሲጠጋት ግን ሌላ ሰው ትሆናለች።

፪

ዘቢደር፦ የጎረቤታችን ልጅ፣ አሥረኛ ክፍል። እኔን «ወንድሜ» ትለኛለች።

አቤኔዘር፦ የክፍሏ ልጅ። እሱን «አቤ» ትለዋለች።

እኔ፦ ልብስ ሰፊ። ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል አቋረጥሁ። የምናገረው ሲጠፋኝ የደንብ ልብሷን ዚፕ እቀይርላታለሁ። ዚፑ ባይበላሽም።

፫

(ልምምድ። ትናንት ከሰዓት፣ እኔ ስፌት ቤት።)

ዘቢደር፦ ወንድሜ፣ ጣሳውን የምትነካልን አንተ ነህ። እጅህ አይንቀጠቀጥም። መርፌ ላይ ክር ስታስገባ አይቼሃለሁ።

እኔ፦ እሺ።

(አይቼሃለሁ አለች።)

አቤኔዘር፦ ቧንቧውን ሳስጠጋ በጣትህ ንካ። የኤሌክትሪክ ቻርጁ በአንተ በኩል ወደ መሬት ይወርዳል።

(ነካሁ። ወረቀቶቹ ተገናኙ። ዘቢደር ጣሳው የተቀመጠበትን የፕላስቲክ ኩባያ ደግፋ ነበር፤ እጇ ከእጄ ስንዝር አይርቅም።)

አቤኔዘር፦ አሁን ጣትህን አንሳ። አንሳ እንጂ!

(አላነሳሁም። ቧንቧውን አራቀ። ያነሳሁት ከዚያ በኋላ ነው። ወረቀቶቹ እንደተገናኙ ቀሩ።)

አቤኔዘር፦ ምነው ሰውዬ፣ ጨርቅ የያዝህ መሰለህ እንዴ? ማንም አይቀማህም፣ ልቀቀው!

ዘቢደር

ሳቀች።

፬

ለምን እንደተበላሸ ልንገርህ፣ አንባቢ።

ቧንቧው ሳይርቅ ጣቴ ከተነሳ፣ ወደ መሬት የወረደው ቻርጅ መመለሻ መንገድ ያጣል። ቧንቧው ቢርቅም ጣሳው እንደተሞላ ይቀራል፤ ወረቀቶቹ እንደገና ይራራቃሉ። ቧንቧው ከቀደመ ግን የወረደው ሁሉ በእኔው በኩል ይመለሳል፤ ጣሳውም ምንም እንዳልደረሰበት ይሆናል።

ገብቶኛል። ከእንግዲህ ሳላውቅ ነው ብል አትመነኝ።

፭

ዛሬ። የትምህርት ቤቱ አዳራሽ።

በሳይንስ ሙከራ የሚያሸንፉት ሁለት ተማሪዎች ለውድድር ባሕር ዳር ይሄዳሉ። አንድ ሳምንት ይቆያሉ። ረዳት አይሄድም።

አቤኔዘር ስለ ሐይቁ ማውራት ጀምሯል። «ጀልባ ላይ ትፈሪያለሽ፣ አውቅሻለሁ» ይላታል። እሷም በደብተሯ ትከሻውን መታ ታደርገዋለች።

እኔን መትታኝ አታውቅም።

መምህራኑ ከጠረጴዛው ፊት ተቀመጡ። አንድ ሙከራ ብቻ ነው የተፈቀደው። ዘቢደር ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች፤ ዓይኖቿ በእንቅልፍ እጦት ቀልተዋል።

«ወንድሜ፣ አደራህን።»

፮

ቧንቧው ተጠጋ። ወረቀቶቹ ተራራቁ።

ነካሁ።

ተገናኙ።

ዘቢደር ለመምህራኑ እያስረዳች ነው። ድምፅዋ ያምራል። አንድ ቃል ጠፋትና አቤኔዘርን አየችው፤ በከንፈሩ ነገራት፤ ቀጠለች። እኔን ያየኝ የለም።

ካነሳሁ ይሄዳሉ።

ካላነሳሁ ትቀራለች። እዚሁ፣ ከቤታችን አጠገብ፣ ዓይኖቿ እንደቀሉ።

«አንሳ» አለኝ አቤኔዘር በሹክሹክታ።

፯

ቧንቧውን የያዘው እጅ ሊርቅ ነው።

ጣቴን…