የመምህር ማንያዘዋል ስድስት ቤተሰቦች

ሰኞ ጠዋት ሳይት የምትባል የእንግሊዝኛ ቃል በመምህር ማንያዘዋል ቤት ሞተች። ትርጉሟ እይታ ነው። መምህሩ ከእንቅልፋቸው ሲነቁ አልጋው ግርጌ ወድቃ አገኟት። ያገኟትም ዳብሰው ነው፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ማየት አልቻሉም።

ጤና ጣቢያ የወሰድናቸው እኔና የእድራችን ዳኛ ጋሽ እንዳሻው ነን። ነርሷ ዓይናቸውን በባትሪ አየች።

«ዓይናቸው ደህና ነው፤ የሞተችው ቃሏ ናት» አለችና ቀጣዩን ተራ ጠራች። እኛም ድንኳን ልንተክል ተመለስን።

አያልነህ እባላለሁ፤ የወፍጮ ሰፈር እድር ጸሐፊ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ሞት ስመዘግብ ኖሬ ደክሞኛል። ይህን የምለው ለማማረር አይደለም፤ በኋላ ለሚመጣው ነገር ስለሚጠቅም ነው።

መምህሩ እድር ሲገቡ የቤተሰብ ፎርም ሰጥተናቸው ነበር። ሚስትም ልጅም የላቸውም። በእኛ እድር ደግሞ ባዶ ፎርም አይመለስም። ስለዚህ ክፍል ውስጥ ዘመናቸውን ሙሉ ያስተማሯቸውን ስድስት ቃላት «ስም» በሚለው ስር፣ ትርጉማቸውን «ዝምድና» በሚለው ስር ጽፈው አመጡ። በእንግሊዝኛ ሲጻፉ የስድስቱም የመጨረሻ አራት ፊደላት አንድ ዓይነት ስለሆኑ ቤተሰብ መሆናቸው አላጠራጠረንም። ኮሚቴው አጸደቀ፤ እኔም መዝገብ ላይ አስፍሬ ማህተም መታሁበት።

የተመዘገበ ቤተሰብ ሲሞት እድሩ ቀባሪ ነው። ለሬሳው አራት ተሸካሚ ብንመድብም አንዱ ብቻውን በብብቱ ይዟት ሄደ። ሦስቱ ለወጉ ያህል ከኋላ ተከተሉ።

ከሰዓት በኋላ የሟች ዘመዶች ከአስፋልቱ በኩል በእግራቸው መጡ። ናይት፣ ትርጉሙ ሌሊት፣ በጣም ረጅም ስለሆነ ድንኳኑ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ገባ። ላይት፣ ትርጉሟ ብርሃን፣ ቀጭን ሴት ናት፤ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ነበር። ማይት፣ ትርጉሙ ኃይል፣ አግዳሚ ወንበሮቹን ብቻውን አወረደልን። ፋይት፣ ትርጉሙ ጠብ፣ ገና ሳይቀመጥ ከጋሽ እንዳሻው ጋር በወንበር ተነታረከ። ታይት፣ ትርጉሙ ጠባብ፣ ከሁለት ለቅሶ ደራሾች መሃል ገብቶ ተቀመጠ፤ ሰዎቹ መተንፈስ አቃተን ብለው ቦታ ቀየሩ።

ሦስት ቀን ተቀመጥን። ንፍሮ ተበላ፣ ካርታ ተጫወትን፣ ፋይት ሁለት ጊዜ ካርታውን በተነ። ላይት ከመምህሩ ጎን አልተነሳችም። እሳቸውም አልፎ አልፎ ፊታቸውን ወደ እሷ ያዞሩ ነበር።

በሠልስቱ ድንኳኑ ከመፍረሱ በፊት አንድ ጉዳይ ቀረ። ደንባችን አንቀጽ ዘጠኝ ላይ ብቸኛ ሐዘንተኛ ብቻውን አይተውም ይላል። ከሟች ዘመዶች ታላቁ አብሮት ይኖራል፤ ታላቅ የሚባለውም መዝገቡ ላይ መጀመሪያ የተጻፈው ነው። አንዴ ከገባ በኋላ ይመለስ የሚል አንቀጽ የለንም።

መምህሩ ክንዴን ፈልገው ያዙኝ።

«አያልነህ፣ የምትቀረው ላይት ናት አይደል? እሷ ካለች ሰው ባላይ እንኳ መስኮቱ የት እንደሆነ አውቃለሁ። ያ ይበቃኛል።»

መዝገቡን ገለጥኩ።

«መጀመሪያ ያለው ናይት ነው፣ መምህር።»

«አይሆንም። ፎርሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከላይ ያስቀመጥኩት እሷን ነው።»

እውነታቸውን ነበር። አሮጌውን መዝገብ ምስጥ በበላው ዓመት ሁሉንም ወደ አዲሱ የገለበጥኩት እኔ ነኝ። የሳቸው ገጽ ላይ ስደርስ እጄ ዝሎ ነበር። አንድ መስመር ዘለልኩና፣ መዝለሌን ሳውቅ ከታች ጨመርኳት። ማን ያየዋል ብዬ ነው። መዝገብ ለማረም ጠቅላላ ጉባኤ መጥራት፣ ጥፋቱ የእኔ ነው ብሎ ሁለት መቶ አባወራ ፊት መቆም ያስፈልጋል። አቅሙ አልነበረኝም።

«እስቲ ደግመህ እይልኝ» አሉ መምህሩ። «አንተ ታያለህ።»

ደግሜ አየሁ። ላይት መጨረሻ ላይ ነበረች፣ በእኔ የእጅ ጽሑፍ።

«ናይት ነው» አልኩ።

«እንግዲህ ምን ይደረጋል» አለ ጋሽ እንዳሻው፤ የድንኳኑን ገመድ መፍታት ጀመረ። መምህሩ ክንዴን ለቀቁኝ። አፈርኩ፤ እስከ ዛሬም አፍራለሁ፤ ያኔ ግን መዝገቡን ዘጋሁ።

ዘመዶቹ ተሰናብተው ሄዱ። ላይት መጨረሻ ወጣች። አጠገቤ ስትደርስ ቆም ብላ በብብቴ የያዝኩትን መዝገብ አየች። ነጠላዋን አስተካክላ ወደ አስፋልቱ ወረደች።

ናይት ጎንበስ ብሎ ወደ ቤት ገባ፤ አልጋው ላይ ከመምህሩ ጎን ተቀምጦ እጃቸውን ያዘ።

«ማን ነው የገባው?» አሉ።

«ዘመድዎ ነው» አልኳቸው ከደጅ ሆኜ።

ከቀኑ ስድስት ሰዓት ነበር፤ ፀሐይ አናት ይበሳል። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ብርሃኑ ግን ደፉ ጋ ደርሶ ቆመ። ከውስጥ መምህሩ በክፍል ድምፃቸው «ላይት!» ብለው ጠሩ፤ ተማሪ ትርጉሙን እንዲመልስላቸው እንደሚጠብቁት ጠበቁ። መልሱን አውቀዋለሁ። መዝገቡን በብብቴ አጥብቄ ያዝኩ።

ያኔ የጎረቤት ዶሮዎች መጫር ትተው አንድ በአንድ ደፉን ተሻግረው ገቡ። በጨለማው ውስጥ የወንበሩ መደገፊያ ላይ ተደርድረው ሰፈሩና ዓይናቸውን ጨፈኑ።