አልጽናናም ያለው አባት

ደግሞ እንባዋን፣ ሌላ የሚነሳ ነገር ጠፍቶ እንባዋን ነው ያነሳው፣ ያ ሰባኪ ታምሩ፣ ስልኩን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ይዞት ነበር፣ እኔ ጅሏ ምዕራፉን ከስልኩ የሚከታተል መስሎኝ፣ ለካ ያነጣጥራል። አናጺው ሂርጳ የራሱን ስልክ ዘርግቶልኝ ቆሟል፣ ጤናዬ አየሽው? ይለኛል፣ አየሁት፣ እንዴት አላየውም፣ የሰዕዲያ ፊት መስታወቱን ሞልቶታል፣ ሻሿ ወደ ኋላ ተንሸራቶ፣ አፏ በለቅሶ ተከፍቶ፣ ከሥሩ ጽሑፍ፣ የእስልምና እምነት ተከታይ የሆኑ የአሶሳ እናት የጌታ ቃል ሲነበብ በእንባ ተነኩ፣ መከሩ ደርሷል፣ አሜን የምትሉ ሼር አድርጉ። አድርገዋል። የእጅ ምልክት፣ የእሳት ምልክት፣ የልብ ምልክት፣ ስንቱ የማያውቃት ሰው በእሷ ለቅሶ ላይ አሜን ብሏል። ተነኩ! ማን ነካት? ሐዘኗ ነው የነካት፣ አንተ ደረቅ!

ሰዕዲያ አልመጣችም። እሑድ ከሰዓት ነው፣ የንባባችን ሰዓት፣ ከሁላችን ቀድማ ምንጣፏን ጠቅልላ የምትመጣ ሴት፣ እኔ ግቢ ማንጎው ሥር አንጥፋ አንተ ዛሬም ቆየህ የምትለኝ ሴት። አንተ ነው የምትለኝ፣ የበርታ ብሔረሰብ ሰው ናት፣ አማርኛዋ ሴትና ወንድ አይለይም፣ እኔም ለምጄው ሌላ ሰው አንቺ ሲለኝ የሚቀዘቅዘኝ ጊዜ አለ። ዛሬ ምንጣፉ የለም። ጎረቤቴ ጋሽ ፈንታ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ከዘራቸውን መሬት ላይ ያሽከረክራሉ፣ አላልኩሽም እቴ፣ ሐዘን ያለበት ጉባኤ ሰባኪ አይገባም ብዬ አላልኩሽም? ብለውኛል፣ እውነታቸውን ነው፣ ግን አሁን ይኼን መስማት አልፈልግም፣ እውነት የሚናገር ሰው አፉን ቢይዝልኝ ደስ ይለኛል።

ከየት ተጀመረ ይኼ ጉድ? ከሰራዊት። ሰራዊት ባሌ ነው። ነበር። ነው። ጣሀ ደግሞ የሰዕዲያ ልጅ፣ ማንጎ ነጋዴ፣ ማንጎውን በሰራዊት አይሱዙ ጭኖ አብረው ወደ መተከል ወጡ፣ መንገድ ላይ ተኩስ ሆነ፣ ሰራዊት በሸራ ተጠቅልሎ መጣልኝ፣ ጣሀ አልመጣም። ሞተ የሚል የለም፣ አለ የሚል የለም፣ አልመጣም፣ በቃ። ለሰራዊት ሂርጳ ሳጥን ሠራለት፣ ሌት ተቀን ብሎ፣ ዋጋ አልቀበልም ብሎ፣ ለሰዕዲያ ግን ምን ይሥራላት? እኔ የማለቅስበት አፈር አለኝ፣ እሷ የላትም፣ መቃብር ያለው ሰው የሚቀናበት አገር ላይ ደረስን እኮ፣ እግዜር ያሳይህ።

አንድ ቀን መጣችና፣ ጤናዬ፣ አንተ ኪታብ ውስጥ ዩሱፍ አለ? አለ አልኳት፣ ዮሴፍ ነው የምንለው። አባቱስ? እሱም አለ። እንግዲያ አንብብልኝ። እንዲህ ነው የተጀመረው፣ ማንም ወንጌላዊ አልላከኝም፣ ዕቅድ አልነበረኝም፣ ጋሽ ፈንታ በአጥሩ በኩል ሲያልፉ ሰምተው ገቡ፣ ለጥላው ነው ብለው ተቀመጡ፣ እስከ ዛሬም ለጥላው ነው የሚሉት፣ ሂርጳ በር ሊጠግን መጥቶ ቀረ፣ እሱ ጴንጤ፣ እኛ ኦርቶዶክስ፣ እሷ እስላም፣ የተስማማነው አንድ ነገር ነበር፣ ማንም ማንንም አይሰብክም። ይነበባል፣ ይጠየቃል፣ ጸሎት ያለው በሆዱ ይጸልያል። ያለፈው እሑድ ሂርጳ ከባምባሲ የመጣ የቤተ ክርስቲያናቸው ልጅ ነው፣ ጨዋ ነው፣ ይስማ ብሎ ታምሩን አመጣ። ሰማ። ጨዋው።

ተነሽ አልኩ ለራሴ፣ ተነስቻለሁ፣ ወደ ታምሩ እየሄድኩ ነው፣ መጽሐፉ በነጠላዬ ውስጥ ታቅፌው፣ ሂርጳ ከጎኔ፣ ጋሽ ፈንታ ከኋላ በከዘራቸው፣ እርስዎ ይቅሩ ጋሼ፣ እምቢ፣ ብቻሽን አትሄጂም። ባጃጁ አቧራውን ያለብሰናል፣ አንዷ ከበረንዳ ላይ ጤናዬ ምነው በደኅና ነው? ትላለች፣ በደኅና ነው እላለሁ፣ ፊቴ ሰው የሚገድል መስሎ መሆን አለበት።

ታምሩ የቤተ ክርስቲያናቸው አዳራሽ ውስጥ ማይክ ይፈትሻል፣ አንድ ሁለት፣ አንድ ሁለት፣ ሃሌሉያ፣ ሲያየኝ ፈገግ ይላል፣ ያ የተቀባ ፈገግታ፣ እህት ጤናዬ፣ ሰላም ለአንቺ ይሁን። አጥፋው። ምኑን? የሴትዮዋን ፎቶ። እህቴ፣ እሱ እኮ ምስክርነት ነው። የማን ምስክርነት? እሷ ምን ብላ መሰከረች? መንፈስ ሲነካ አፍ አያስፈልግም ይለኛል፣ በስመ አብ፣ ልጇን እያሰበች ነው ያለቀሰችው እለዋለሁ፣ አውቃለሁ እኮ ይላል ድምፁን አለስልሶ፣ ጌታ በሐዘን በኩል ነው የሚገባው። በሐዘን በኩል! እንደ ሌባ በመስኮት? ጌታህን ነው ወይስ ራስህን ነው የምታወራው? እጄ ማይኩን ገፍቶታል መሰለኝ፣ ድምጽ ማጉያው ይጮሃል፣ የአዳራሹ ቆርቆሮ ይንጫጫል፣ ይንጫጫ፣ እኔም ብጮህ ድምፄ ይኼን ያህል አይሰማም ነበር።

ሂርጳ ነው የተናገረው፣ ቀስ ብሎ፣ ታምሩ፣ የጠራሁህ እኔ ነኝ፣ ማንም ማንንም አይሰብክም ብዬ አስጠንቅቄህ እሺ ብለኸኛል፣ እኔን ነው ውሸታም ያደረግከኝ፣ እኔ እነዚህ ሰዎች ቤት በየትኛው ዓይኔ ልግባ? አጥፋው ወንድሜ፣ እዚሁ እያየሁህ። ታምሩ ወደ እኔ፣ ወደ ሂርጳ፣ ወደ ጋሽ ፈንታ ከዘራ ያያል፣ ስልኩን ያወጣል፣ መንፈስን እያጠፋችሁ ነው ይላል። ፎቶ ነው የምናጠፋው፣ እለዋለሁ። ጠፋ።

ጠፋ ማለት ግን ምንድነው፣ በየስልኩ ገብቷል፣ በየኪሱ ነው ያለው፣ የሰዕዲያ ለቅሶ ከማያውቃት ሰው ኪስ ውስጥ ከሳንቲምና ከክብሪት ጋር ይዞራል፣ ያንን ማን ያጥፋው? አጠፋሁ ብሎ እኮ ማይኩን መፈተሽ ቀጥሏል፣ አንድ ሁለት። ይቅርታ የሚባል ቃል በምላሱ አልዞረም፣ ስንት ቃል የሚያውቅ ምላስ።

ከአዳራሹ እንደወጣን ወደ ሰዕዲያ ቤት፣ ሂርጳ እርምጃው ይከብዳል፣ ምን ብለን ነው የምንገባው ጤናዬ? አላውቅም፣ በእግራችን እንገባለን። የቀርከሃ አጥሯ ጋ ስንደርስ ዓብዱልላጢፍ በሩ ላይ ቆሟል፣ የሟቹ ባሏ ወንድም፣ ገበያው ዳር ሱቅ ያለው፣ ያለ እሱ ፈቃድ እዚህ ቤት ቅጠል አይወድቅም ይባላል፣ በል ጀምር እለዋለሁ በልቤ፣ አንድ ክፉ ቃል ተናገራትና እይ፣ ለአንተም የሚበቃ ቁጣ አለኝ። ጋሽ ፈንታ ቀድመውኛል፣ አሰላሙ አለይኩም፣ ዓብዱልላጢፍ ሳይወድ ወአለይኩም ሰላም፣ ጋሽ ፈንታ ቀጥለው፣ ወሎ ነው ያደግነው፣ የእናቴ ወንድም መሐመድ ነው ስሙ፣ በጥል አልመጣንም ወንድሜ።

ዓብዱልላጢፍ እኔን ነው የሚያየኝ። ጤናዬ፣ እኛ አንተን ምን በደልን? ምንም አልበደላችሁኝም። ታዲያ ሱቅ ስኳር ሊገዛ የመጣ ሁሉ ለምን ይጠይቀኛል? የወንድምህ ሚስት ከፈረ ወይ፣ እስልምና ተወ ወይ ይለኛል፣ ኢማሙ ጠራኝ፣ እኔ መሬት ነው የማየው፣ ምን ልመልስ? አይጮህም። ይጮሃል ብዬ ነበር የተዘጋጀሁት፣ ድምፁ የደከመ ነው፣ ቁጣዬ የሚመታው አጥቶ በአየር ላይ ቀረ። ያነሳው ሌላ ሰው ነው እላለሁ፣ አስጠፍተናል፣ ጉባኤው ግን የእኔ ነው፣ የመጣሁትም ለዚያ ነው። እሱ አጠፋ፣ ሰው ግን አየ፣ ይለኛል። እኔም ስመጣ መንገዱን ሙሉ ያልኩት ይኸንኑ ነው።

ምን ነበር የምታነቡት? ዩሱፍን። ዩሱፍ እኛ ጋር አለ፣ ቁርኣን ውስጥ ሙሉ ምዕራፍ፣ ሙሉ ሱራ አለ፣ ውብ ነው፣ እሱ ለምን እናንተ ጋር ይሄዳል? እሱ የሚለው ሰዕዲያን ነው። እውነት ነው፣ ለምን? እኔ ከእሱ ምን የተሻለ አለኝ፣ ዝም ብዬ ነው የማነበው፣ አንዳንዴ ስም እንኳ ይደናቀፈኛል።

መጋረጃው ይገለጣል። ሰዕዲያ። ፊቷን ታጥባዋለች፣ ዓይኗ ግን ያው ነው፣ እኔን አታየኝም፣ ዓብዱልላጢፍ ፊት ትቆማለች፣ በበርታኛ ትጀምርና ወደ አማርኛ ትመልሰዋለች፣ እኛም እንድንሰማ ነው፣ ታውቃለች። ጣሀ ከጠፋ ጊዜ ጀምሮ አንተ ለእኔ ምን አልክ? ሶብር። ኢማም ሶብር። ጎረቤት ሶብር፣ ታገስ፣ ታገስ። ሶብር በላሁ፣ ሶብር ጠጣሁ፣ ሆዴ ሞላ፣ ዓብዱልላጢፍ! ጤናዬ ኪታብ ውስጥ ሽማግሌው ልጁን አጣ፣ ልጆቹ ሁሉ መጡ፣ አባባ በቃህ አሉት፣ እንቢ አለ፣ አልጽናናም አለ፣ እያለቀስኩ መቃብር እገባለሁ አለ። አላህም አልተቆጣውም! እኔ ያንን ሰማሁ፣ ያን ጊዜ አለቀስኩ፣ ሃይማኖት አልለወጥኩም፣ አለቀስኩ!

ሂርጳ ባርኔጣውን አውልቋል። እኔ፣ እኔን ምን ነካኝ፣ ተጽናኚ፣ ተጽናኚ፣ እግዜር ያጽናሽ ሲሉኝ፣ የሰራዊት አፈር ሳይደርቅ ጀምረው፣ በየመንገዱ፣ በየእድሩ፣ እሺ እያልኩ፣ አሜን እያልኩ፣ አንዱንም ሳልፈልግ። ይኼን ሁሉ እሑድ ለእሷ የማነብላት መስሎኝ፣ ለካ ለእኔም ነው።

እኛ ጋርም አለቀሰ፣ ይላል ዓብዱልላጢፍ። መሬት እያየ። ምን? ያዕቁብ። እኛ ጋርም አለቀሰ፣ ዓይኑ ነጭ እስኪሆን፣ ማየት እስኪያቆም አለቀሰ። ሰዕዲያ ትጠጋዋለች። ዓይኑ ጠፋ? ጠፋ። ታዲያ እሱን ለምን አልነገርከኝም?

ይኼ ያ ቅጠል የማይወድቅበት ሰው ነው፣ ቀስ ብሎ በርጩማ ላይ ይቀመጣል፣ ጉልበቱን ይይዛል። ፈራሁ፣ ይላል፣ ጣሀን እኔ ነኝ ያሳደግኩት፣ እሱን ብነግርህ እኔም አለቅሳለሁ፣ ከዚያ ቤቱን ማን ይይዛል? ሰዕዲያ ትከሻውን አትነካውም፣ አታባብለውም፣ ትቆማለች ብቻ፣ እሷም ሶብር አላለችውም፣ አላህ ይስጣት።

አንብብ፣ ይለኛል። እኔን ነው። እዚህ? እዚህ፣ እሱ የሰማውን እኔም ልስማ፣ ከዚያ እኔ የእኛን አነባለሁ። ጋሽ ፈንታ ይገባሉ፣ አጥሩ ጥግ ጥላ የሌለበት ቦታ ይቀመጣሉ፣ ሂርጳ ቆሞ ቀርቷል፣ ሰዕዲያ ምንጣፉን ታነጥፋለች፣ ተቀመጥ አንተም አናጺ ትለዋለች። አነባለሁ፣ የተቀደደው ልብስ፣ ደሙ፣ ሽማግሌው፣ እንቢታው፣ እዚያ ስደርስ ዓብዱልላጢፍ እጁን ፊቱ ላይ ያደርጋል። ሲሻለው ቁርኣኑን በዓረብኛ ይቀራል፣ በቃሉ፣ ድምፁ ለካ ያምራል፣ በበርታኛ ይተረጉምላታል፣ ለእኛ በአማርኛ፣ ሀዘኔን ለአላህ ብቻ ነው የማሰማው አለ ይለናል ሽማግሌው፣ ጋሽ ፈንታ እህ ይላሉ፣ ሂርጳ አሜን ሊል ከንፈሩ ይንቀሳቀስና ይውጠዋል፣ አየሁት፣ ግዴለም ሂርጳ፣ ያንተን አሜን እንኳ እንችለዋለን። ቀጥይ እንጂ ይሉኛል ጋሽ ፈንታ፣ ገጹን እገልጣለሁ፣ ይሁዳ ከምራቱ ጋር የተኛበት ታሪክ፣ ኧረ በማርያም፣ ይኼን በዓብዱልላጢፍ ፊት? መልሼ እገልጣለሁ። ሰዕዲያም ያንኑ ድገምልኝ ትላለች። እደግማለሁ።

አሁንም ተናድጃለሁ። በታምሩ፣ በማይኩ፣ በአሜን ባዩ ሁሉ፣ በዚያ መንገድ ላይ ተኩሶ ወደ ቤቱ በገባው ሰው፣ ማንም ይኼን ንዴት ከእኔ እንዲወስድብኝ አልፈልግም፣ የእኔ ነው፣ ግን አብሮኝ ተቀምጧል፣ አይነዳኝም። ዓብዱልላጢፍ ሱቁን ሊከፍት ተነስቷል፣ በሩ ላይ ይዞራል፣ ሰዕዲያ፣ ይላል፣ ነገ ሰው ሱቅ መጥቶ ሲጠይቀኝ ምን ልበል?

ሰዕዲያ ሻሿን ታስራለች፣ ጥብቅ አድርጋ፣ ሳትቸኩል።

ለልጁ ያለቅሳል በል።