የሻረግን ያለፋት ጽዋ

እስኪ እናንተ ፍረዱ፤ መታመም ጾም መግደፍ የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው?

የሻረግ የአንጀት ካንሰር ይዞሻል ተብላ ከከተማ ሆስፒታል በተመለሰች ሰሞን፣ ጤና ባለሙያው ፍሬው ዐርብ ገበያ መሐል ቆሞ በድምፅ ማጉያ አስተማረ። ቀይ ሥጋ ማዘውተር፣ አረቄ ማብዛት፣ ሲጋራ ለዚህ በሽታ ያጋልጣሉ አለ። እውነቱን ነው። ገበያተኛው ግን ትምህርቱን ከጨውና ከበርበሬው ጋር ጭኖ አገሩ ሲገባ ሌላ አድርጎት ገባ። የሻረግ በሥጋ ታመመች ተባለ። ለፋሲካ በሚታረድ አንድ በግ ደግሞ ሰው አይታመምም፤ እንግዲያው በጾሙም ደብቃ ትበላ ነበር! ዕድሜዋን በገብስ እንጀራና በባቄላ የገፋችውን ሴት እንዲህ አሏት።

በማርያም ማኅበር ዕለት ጽዋው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር እሷ ዘንድ ደርሶ አለፋት። የዘረጋችው እጇ ባዶውን ቀረ።

የነፍስ አባቷ መምሬ ላቀው አንገታቸውን ደፍተው፣ «ልጄ፣ ንስሐ ግቢ። ማኅበሩም ይመልስሻል» አሏት።

«አባቴ፣ ያልበላሁትን በላሁ ብዬ እግዜርን ልዋሸው?»

«ሐኪሙ ተናግሯል እኮ።»

«እንግዲያስ ሐኪሙን ነዋ የምጠይቀው!»

«ወይ ጉልበት! ጥሬ ሥጋው መች እንዲሁ ቀረ» አለች ጎረቤቷ እመቤት። ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ።

በማግስቱ ዐርብ የሻረግ ሆዷን በመቀነት ጠፍራ ገበያ ወረደች። ፍሬው እንደ ልማዱ ማጉያውን ይዟል። ሕዝቡን በትከሻዋ እየገፋች ፊቱ ቆመች።

«ደም ያስቀምጠኛል ብዬ ስመጣ ምን ሰጠኸኝ?»

«እትዬ የሻረግ፣ ቆይተው ጤና ጣቢያ ይምጡና...»

«ምን ሰጠኸኝ?»

«የትል ኪኒን።»

«ዳግመኛ ስመጣስ?»

«ኪንታሮት ነው ብዬ... መለስሁዎት።»

«አባቴ በዚሁ ደም መሞቱንስ ጠይቀኸኛል?»

«አልጠየቅሁም።»

ከኋላ አንዱ፣ «አረቄ ከሆነማ ፈንታው ይኼኔ ተዝካሩ ወጥቶ ነበር!» ሲል ገበያው በሳቅ ፈረሰ። አረቄ የማይለየው ፈንታው ራሱ ሳቀ። የሻረግ አልሳቀችም።

ፍሬው ማጉያውን ዝቅ አድርጎ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። «እኔ ያጋልጣል አልሁ እንጂ የታመመ ሁሉ በልቶ ነው አላልሁም። ሳይበሉም የሚታመሙ አሉ። በዘርም ይመጣል።»

«ለእኔ ብቻ ብትነግረኝማ ምን ያደርግልኛል!» ማጉያውን ከነእጁ ይዛ አፉ ላይ ደቀነችው። መምሬ ላቀው ከጨው ተራው ዳር ቆመው ታያቸዋለች፤ እመቤትም እዚያው ናት። «ስሜ የጠፋው በዚህ ነው፤ በዚሁ መልስልኝ። መምሬም ይስሙ፣ ማኅበሩም ይስማ። የሻረግ የታመመችው ጾም ገድፋ ነው? ደም አየሁ ስትልህስ ስለ ምን ወደ ቤቷ ሰደድኻት? በል፣ በሕዝብ ፊት ተናገር!»